በወተት የዋጥኳት ክኒን

ናቡል፣ እሑድ ኤፕሪል 27 ቀን 2025

ጋፍሳ ላለኸው ለእናቴ ልጅ ለሸድሊ፣

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ እንዴት ነው? አምስት ዓመት ሙሉ ሳልጽፍልህ ቆይቼ ዛሬ ብዕር ማንሳቴ ያስደነግጥህ ይሆናል። አትደንግጥ፣ የሞተ ሰው የለም። እኔም አልሞትኩም። የሞትኩ መስሎኝ ግን ነበር፤ እሱን ነው የምነግርህ።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ እንዳትለኝ። ፌብሩዋሪ ላይ በጎረቤቴ በወሲላ ስልክ ደውዬልህ ነበር። «ሸድሊ፣ እኔ ነኝ» ብዬ ሳልጨርስ «ተሳስተሃል ሰውዬ» ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ሰውዬ! ስልሳ አራት ዓመት ስኖር ሰውዬ ተብዬ አላውቅም። አውቀህ የዘጋህብኝ መስሎኝ ሁለት ቀን አለቀስኩ። ለካ ድምፄ እንደ አባባ ድምፅ ጎርንኖ ነበር። እሱም ከሕመሙ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። አምና በሙቀቱ ወራት ተረከዜ ላይ ጥቁር ነጥብ ወጣ። እሾህ ነው ብዬ በመርፌ ስጎረጉረው ከረምኩ። የቆዳ ካንሰር ነው አሉኝ። ቆርጠው አወጡት፤ ነገር ግን ወደ ብሽሽቴ አልፎ ኖሯል። ከዚያ ቱኒስ ሆስፒታል በየሦስት ሳምንቱ በክንዴ የደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት ጀመሩልኝ፤ ኢሚዩኖቴራፒ ይሉታል። የሰውነትን ዘበኞች ቀስቅሶ ካንሰሩ ላይ የሚያዘምት ነው። ፀጉሬ አልረገፈም፣ አላስመለሰኝም። ወሲላን ታውቃት የለም፣ የጎረቤታችን የሸክላ ሠሪው መበለት፤ «አንቺ ሴትዮ፣ እውነት ታመሻል ወይስ ቱኒስ ውስጥ ባል ደብቀሻል?» እስክትለኝ ድረስ ደህና ነበርኩ።

ከጃንዋሪ ወዲህ ግን ብርድ ገባብኝ። ሁለት ካፖርት ደርቤ ምድጃ አጠገብ ተቀምጬ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ፊቴ አበጠ፣ ቅንድቤ ሳሳ። አንድ ሰሃን አጥቤ ሁለተኛውን ከማንሳቴ በፊት ወንበር እፈልጋለሁ። ያኔ ዶክተር ሲሪን፣ ልጄ የምታክል ሐኪም ናት፣ ደሜን መርምራ «እማማ፣ የቀሰቀስናቸው ዘበኞች ተሳስተው አንገትዎ ላይ ያለችውን ታይሮይድ የምትባል ዕጢ መትተዋታል። ለሰውነት ሙቀትና ቅልጥፍና የምትሰጠው እሷ ናት» አለችኝ። አንዲት ሚጢጢ ክኒን አዘዘችልኝ፣ ጧት ጧት በባዶ ሆድ፣ ዕድሜ ልክ። አንድም ቀን ሳላዛንፍ ዋጥኳት። ብርዱ ግን ጭራሽ ባሰ።

እንዲህ እያለ የመራራ ብርቱካኑ አበባ ደረሰ። ሸድሊ፣ ያንን ጊዜ እንዴት እንደምናፍቀው ብነግርህ ትስቅብኝ ይሆናል። ነጭ አንሶላ ከዛፉ ሥር ዘርግተን፣ አንተ እንደ ጦጣ ጫፍ ላይ ወጥተህ አበባውን ከነቅርንጫፉ ስትገነጥለው፣ እናታችን ከታች ሆና «አንተ የዛፍ ጠላት፣ ና ውረድ!» እያለች ነጠላ ጫማዋን ስትወረውርብህ። አንድ ጊዜ ጫማው ዛፉ ላይ ተሰቅሎ ቀርቶ በባዶ እግሯ ገበያ ሄዳለች። ማታ ቤቱ በሙሉ፣ ትራሳችን ሳይቀር፣ አበባ አበባ ይሸት ነበር።

ዘንድሮም የእናታችንን የመዳብ ድስት ጥጄ የአበባ ውሃ ላወጣ ተቀመጥኩ። እንፋሎቱን የሚያቀዘቅዘው የክዳኑ ውሃ በሞቀ ቁጥር መቀየር እንዳለበት፣ እሳቱም ከዓይን መራቅ እንደሌለበት ለአንተ አልነግርህም። ተቀምጬ እንቅልፍ ወሰደኝ። የነቃሁት ወሲላ ጢሱን አይታ በአጥሩ በኩል ስትጮህ ነው። አበባው አርሯል። ዐርባ ዓመት ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ አሳርሬ አላውቅም ነበር። ድስቱ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ወሲላም አብራኝ ተቀመጠች።

የዚያን ዕለት በቃኝ አልኩ። ካንሰሩ አንጎሌ ገብቷል፣ መድኃኒቱም እየገደለኝ ነው ብዬ ሁለት ቀጠሮ ቀረሁ። ወሲላ ብትለምነኝ፣ ብትሰድበኝ አልሰማኋትም። በመጨረሻ ከቀጠሮ ካርዴ ላይ የሆስፒታሉን ቁጥር ፈልጋ ከዶክተሯ ጋር በስልክ አገናኘችኝ።

«እማማ፣ ክኒኗን እንዴት ነው የሚወስዷት?»

«እንዳልሽኝ ነዋ፣ በባዶ ሆዴ።»

«በውሃ?»

«በወተቴ።»

«የምን ወተት?»

«ትኩስ ወተት፣ የአበባ ውሃ ጠብ ተደርጎበት። ከልጅነቴ ጀምሮ አፌን የምከፍተው በሱ ነው።»

«እማማ፣ ባዶ ሆድ አሉኝ እኮ!»

«ታዲያ ወተት ምግብ ነው እንዴ?»

«እማማ ደሌንዳ፣ ወተቱ እኮ ክኒኗን ይዞ ያስቀራታል! ሁለት ወር ሙሉ የዋጡት ለከንቱ ነው!»

አትሳቅ። በእኛ ቤት እሱ ምግብ ሆኖ ያውቃል? ለቀማ ከመውጣታችን በፊት እናታችን ቢስሚላህ ብላ የምታጠጣን፣ እሱ ሳይቀመስ እህል የማይነካበት፣ ቡራኬያችን አልነበር? ከአንድ ብርጭቆ ስንጠጣ አረፋውን ሁልጊዜ አንተ ነበርክ የምትልሰው። እኔ ታላቅ ነሽ ተብዬ እተውልህ ነበር። አንተ የመሬት ድርሻህን ሸጠህ ዛፎቹ ከተቆረጡ፣ እኔም ደጄን እንዳትረግጥ ካልኩህ በኋላ፣ ከሁላችሁም የቀረችኝ ያቺ ብርጭቆ ናት። ለዶክተሯ ይህን አልነገርኳትም፤ ሞኝ አሮጊት ብትለኝ ይሻላል።

አሁን ክኒኗን በውሃ እውጣለሁ። ወተቱን ወደ ከሰዓት አዛውሬዋለሁ፣ ጣዕሙ ግን ያው አይደለም። አራት ሳምንት ሆነኝ። መጀመሪያ እግሬ ሞቀ፣ ቀጥሎ አንዱን ካፖርት አወለቅኩ፣ ባለፈው ሐሙስ ደግሞ ሰሃን ሳጥብ ሳንጎራጉር ራሴን ያዝኩት። በራሴ ድምፅ! ከሰው የገዛሁትን አበባ ጥጄም ሦስት ጠርሙስ አወጣሁ። ዕጢዋ አትመለስም አለችኝ ዶክተሯ፤ ክኒኗ ግን ቦታዋን ትሸፍናለች፣ የካንሰሩም መድኃኒት ይቀጥላል። ሜይ 7፣ ረቡዕ ጠዋት እወስዳለሁ፤ በዚያው ቀን ሰውነቴን በሙሉ ፎቶ ያነሱኛል። በቀረሁባቸው ሳምንታት ካንሰሩ ምን ሠርቶ እንደሆነ አላውቅም። ፈርቻለሁ ሸድሊ።

በዒድ የላክህልኝን ተምር ሁለት ጊዜ መልሼብሃለሁ። መሬቱን የሸጥከው ልጆችህን ለማስተማር እንደሆነ አውቅ ነበር፤ እያወቅኩ ነው የተቆጣሁት። ይቅር በለኝ።

አላህ ጉልበትህን ያጽናልህ፣ ቤትህን ሰላም ያድርግልህ፣ ልጆችህን ለቁም ነገር ያብቃልህ። ደብዳቤውን በጋፍሳ ታክሲ ሹፌር እጅ ልኬዋለሁ፣ እጅህ እንዲያስገባ አስምዬዋለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና ላብቃ። ባለፈው ሳምንት ለደም ምርመራ ስሄድ ነርሷ ቅጽ እየሞላች «ሜይ 7 ረቡዕ አብሮዎት የሚሆን ዘመድ ማን ነው?» አለችኝ። ወሲላ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ እሷን ማለት እችል ነበር። «ወንድሜ ሸድሊ» አልኳት። «የት ነው የሚኖሩት?» ስትለኝ ደግሞ «እዚሁ፣ ከእኔ ጋር» አልኩ። ወሲላ እግሬን ረገጠችኝ። ነርሷ ግን ጽፋዋለች።

እህትህ ደሌንዳ