ግራው የሚደክም ሄድፎን

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ፈተና አለቀ። አስራ አንደኛ ክፍልን ተሰናበትኩ። ሌሎቹ ኬክ ቤት ሲሄዱ እኔ ቀጥታ ጉርድ ሾላ... አሌክስ ስቱዲዮ።

አሌክስ ማስታወቂያና ትረካ ይቀርጻል። የትምህርት ቤታችንን ሚኒ ሚዲያ ማይክ ሊጠግን መጥቶ ነው የተዋወቅነው። ማይኩን ከፍቶ አየና ይሄን ያበላሸው ማነው አለ። ያስተካከልኩት እኔ ነኝ አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጆች ነን።

ዛሬ ስመኘው የነበረውን ነገረኝ። ክረምቱን መጥቼ ድምፅ ማጽዳት እማራለሁ፤ ጎበዝ ከሆንኩ መስከረም ላይም ቅዳሜ ቅዳሜ እቀጥላለሁ። አንድ ነገር ብቻ... የራሴን ሄድፎን ይዤ መምጣት አለብኝ። ጆሮ ሙሉ የሚሸፍን፣ ጀርባው ዝግ የሆነ፣ ባለገመድ። ስቱዲዮው አንድ ክፍል ነው። አንባቢዋ ማይኩ ፊት፣ እኔ ከኋላዋ። ከእኔ ጆሮ ድምፅ ካመለጠ ማይኩ ይለቅመዋል። ባስ የሚደልቅ እንዳትገዢ፣ እሱ ውሸታም ነው አለኝ። ያለውን እንዳለ የሚያሰማ ነው የሚያስፈልገው።

ቤት ስገባ ክቡር አቶ ገብረትንሣኤ፣ ማለትም አባዬ፣ ሶፋው ላይ ተጋድመው ዜና እየሰሙ ነበር። ዜናውን ከእሳቸው ጋር ብሎኩ በሙሉ ነው የሚሰማው። ሄድፎን ስል ስልክሽ የራሱ የለውም እንዴ አለኝ። አለው ግን ድምፅ ያፈሳል አልኩት።

«ቧንቧ ነው?»

እንደምንም አሳመንኩት። ካጠራቀምኩት የጎደለውን ይሞላል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ቦሌ። አሌክስ የላከኝ ሱቅ፣ ምድር ቤት ውስጥ። ባለቤቱ ሃይደር ይባላል። አባቱ ወራቤ ላይ ጨርቅ ይነግዳሉ፣ እሱ እዚህ ጆሮ ይነግዳል። ሁሉንም ሰው «እህቴ»፣ «ወንድሜ» ነው የሚለው።

መሞከሪያዬን ይዤ ነው የሄድኩት። ዘፈን አይደለም። እማዬ የካ አባዶ ጉሊት ላይ ቲማቲም ስትከራከር በድብቅ የቀረጽኳት። እያንዳንዷን ትንፋሽ በቃሌ አውቃታለሁ። እማዬ በቀኝ፣ ሻጯ በግራ፣ ከኋላ ታክሲ የሚጠራ ረዳት። በስልኬ ኢርፎን ሻጯ ከሩቅ ነው የምትሰማኝ። ኢርፎኑ ቀሽም ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያው ሄድፎን ላይ እማዬ ጉድጓድ ውስጥ ሆና የምትከራከር ትመስላለች። ሁለተኛው ደግሞ ፉጨት በፉጨት። የሚያብረቀርቅ ወርቃማ ጽሑፍ ያለው አንድ ነበር... ፎርጅድነቱ ከሩቅ ይጣራል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥቁር፣ መልኩ ምንም የማይስብ። አደረግኩት። ረዳቱ ሲያስል ተሰማኝ! ሲያስል ሰምቼው አላውቅም ነበር።

ሃይደርም አዳመጠ። «እናትሽ ናቸው? እኔ ሱቅ ይዘሻቸው እንዳትመጪ» ብሎ ሳቀ።

ገዛሁት። ጠባብ ነው፣ ያላብሳል፣ ግን ድምፁ እውነተኛ ነው።

ቤት ደርሼ ተረጋግቼ ሳዳምጠው ግን... ሻጯ አሁንም ሩቅ ናት። ግራው ይደክማል።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

ቀየረልኝ። ሃይደር የመለስኩትን ጆሮው ላይ አድርጎ ምንም አልሆነም አለ። ምን ሊል ነው? ዕቃዬ ቀሽም ነው የሚል ነጋዴ አይተን አናውቅም።

አዲሱም ግራው ይደክማል። አንድ ካርቶን ሙሉ ግራ የሌለው ሄድፎን አስመጥቶ ይሆን?

እሁድ፣ ሰኔ 15

ዛሬ ስህተት ሠራሁ። እማዬ ፊት «ጆሮዬ ጮኸ» አልኩ።

አልፎ አልፎ ሽው ይላል፤ ከጀመረው ቆየ። እማዬ የቱ ጆሮሽ ነው አለች። ግራው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። በእሷ ሕግ መሠረት ቀኝ ሲጮህ መልካም ወሬ ነው፣ ግራ ሲጮህ ሐሜት። የዘመድ ስም ይጠራል፤ ጩኸቱ ያቆመበት ስም ሐሜተኛው ነው። ፍርድ ቤቱ ይግባኝ የለውም።

ጀመረች። ከአዲግራት እስከ አያት ያለ ዘመድ ሁሉ ተጠራ። ሰለቸኝና አንዱ ላይ «አቆመ» አልኩ። የአባዬ እህት፣ አክስቴ ሃረገወይን ላይ ወደቀ። እማዬ «አላልኩም!» አለች። አባዬ ቴሌቪዥኑን ቀንሶ ምን አደረገች ደግሞ እሷ አለ። ዛሬ ምሳ ላይ አልተነጋገሩም። በእኔ ጆሮ ምክንያት።

ከዚያ መድኃኒት። ለብ ያለ ዘይት ከጤና አዳም ጋር፣ ከላይ ጥጥ። አንገቴ ድረስ ወረደ። ሰላጣ ሆንኩ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

አሁን የምጽፈውን ማንም እንዳያይ።

ጠዋት እንደገና ሃይደር ጋ ሄድኩ። ትዕግስቱ አልቋል። ዕቃው ጤነኛ ነው፣ ካላመንሽኝ ሌላ ሰው ያድምጠው አለኝ። እኔ ደግሞ ሰው ሲሰማኝ ምላሴ ይረዝማል። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ሊገዙ ቆመው ነበር። ግራ ጆሮ ካላችሁ እዚህ አትግዙ አልኳቸው። ሳቁ። ሄዱ። ሃይደር ያልተከፈተ ካርቶን አወጣና እጄ ላይ አደረገው። «ውሰጂ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ሱቅ ሞክሪ።»

እህቴ አላለኝም።

እያፏጨሁ ወጣሁ። ከመገናኛ የየካ አባዶን ታክሲ ይዤ መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። ከፈትኩት፣ አደረግኩት፣ እማዬን ለቀቅኳት። ያው ነው! ግራው ይደክማል። ልጮህ ስል መስታወቱ ላይ ራሴን አየሁ። የግራ ምልክት የሆነችው ፊደል ያለችው ቀኝ ጆሮዬ ላይ ነው። ገልብጬ ነው ያደረግኩት።

አወለቅኩት። አስተካክዬ አደረግኩት። አሁንም ግራ። ደግሞ ገለበጥኩት... ግራ።

ሄድፎኑ ሲዞር ድካሙ አብሮት አልዞረም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 18

ዛሬ ምንም።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19

ጣቶቼን ጆሮዬ ስር አፋተግኩ። በቀኝ፣ ወረቀት የሚቀደድ ይመስላል። በግራ... ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ አያለሁ እንጂ ምንም የለም። ስልክ በግራ ይዤ አውርቼ አውቃለሁ? አላውቅም። ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ በግራ ግድግዳ ጥግ የምቀመጠውስ ለምን ነበር? የክፍሌ ልጅ ፊዮሪ ኩራተኛ ነሽ፣ ስትጠሪ አትዞሪም ያለችኝስ?

ራሴ ሳላውቀው ራሴን ስደብቅ ኖሬያለሁ።

ለእማዬ ብነግራት ሁለት ጠርሙስ ዘይት ታፈስብኛለች። ለአሌክስ ብነግረው... ድምፅ ላስተካክል መጣሁ፣ በነገራችን ላይ ግማሹን አልሰማም ልበለው? ሰኞ ነው የምጀምረው። አልናገርም። በቃ።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

የመጀመሪያ ቀኔ። የልጆች ተረት። ዕፀገነት የምትባል ተራኪ ጅቡንም አህያዋንም ሆና ታነባለች። ድምፅዋ ሲወፍር እውነት ያስፈራል። አሌክስ ጅቡን በግራ፣ አህያዋን በቀኝ አድርጊልኝ አለ። እኩል እስኪሆኑልኝ ድረስ ሠራሁ። ለእኔ እኩል ናቸው። ለሌላው ሰውስ?

ማክሰኞ፣ ሰኔ 24

አሌክስ ትናንት የሠራሁትን በትልቁ ስፒከር ከፈተው። ጅቡ አፉን ሲከፍት ሁለታችንም ደነገጥን። «ይሄ ጅብ አህያዋን ትቶ ስቱዲዮውን ሊበላ ነው እንዴ?» አለ እየሳቀ። ግራው ለምን እንዲህ ጮኸ ሲለኝ...

ሄድፎኑ ነው አልኩት። ግራው ደካማ ነው፣ ሃይደር አልቀይርም አለኝ አልኩት።

ሳቁን አቆመ። እሱ ጋ ስንት ልጅ ልኬያለሁ፣ እንዲህ ከሆነ ሁለተኛ አልልክም አለ። ነገ አብሮኝ ሄዶ ሊያናግረው ነው።

ምን ዓይነት ሰው ነኝ? የሃይደርን ገበያ አንዴ በትኛለሁ። አሁን ደግሞ ስሙን ልቀብር ነው። ልታመም? ታመምኩ ብል አሌክስ ብቻውን ይሄዳል። ያ ይብሳል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ሄድን። ታክሲ ውስጥ ልንገረው ልንገረው እያልኩ ቦሌ ደረስን።

ሱቁ ውስጥ ሰው ነበር። ሃይደር እኔን ሲያይ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ። አሌክስ በጨዋ ደንብ ጀመረ፤ እኔ ደንበኛ እልክልሃለሁ፣ አንተ ለልጅ እንዲህ ያለ ዕቃ... ሃይደር አላቋረጠውም። እኔን ያያል። ሁለት ጊዜ እንደቀየረልኝ መናገር ይችል ነበር።

«ዕቃው አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ። ግራ ጆሮዬ አይሰማም።»

ድምፄን አልቀነስኩም። ባለፈው ጮክ ብዬ ነው የሰደብኩት፣ ዛሬም ጮክ ማለት ነበረብኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ይቅርታ ማለቴ ትዝ ይለኛል። ከዚያ አፍንጫዬ መጣ፣ ዓይኔ መጣ፣ ሁሉም በአንድ ላይ።

ሃይደር በርጩማ አቀረበልኝ። «ባለፈው ጠርጥሬ ነበር እህቴ» አለ። «አፌ አልሄድልኝ ብሎ ነው። የሰው ልጅን እንዲህ ነሽ ይባላል?»

አሌክስ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። አባትሽ ያውቃሉ ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። አያውቅም። ለቤተሰብ ሳትነግሪ ስቱዲዮ እንዳትመጪ አለኝ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 26

ነገርኳቸው። እማዬ ወዲያው ወደ ኩሽና ተነሳች። ዘይት ልታመጣ። አባዬ «ቁጭ በይ ኣብርሀት» አላት። ቴሌቪዥኑን አጠፋ። ዜና ሰዓት ላይ።

ከኋላዬ ቆመ። ቀኝ ጆሮዬን በመዳፉ ደፈነው። እጁ ይሞቃል። ጠበቅኩ። ጠበቅኩ።

«ጀምር እንጂ አባዬ» አልኩት።

መዳፉን አነሳ።

«ጨርሻለሁ» አለ።

እማዬ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ምን እንዳለኝ ጠየቅኩት። አልነገረኝም።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ሐኪሙ ብዙ አየ፣ ጥቂት ተናገረ። ልጅ ሆኜ ጆሮዬ ይመግል ነበር፤ መግሉ ታምቡሩን በስቶታል። ቀዳዳው በኦፕራሲዮን ሊደፈን ይችላል። ከውስጥ የተጎዳው ግን አይመለስም። ሽው የሚለውም ከዚያው ነው።

እማዬ ቀስ ብላ «ዘይቱ ነው?» አለችው። አይደለም እናቴ አላት፤ ግን ከዛሬ ጀምሮ ውሃም እንዳይነካው። ለእኔ ደግሞ ቀኙን እንደ ዓይንሽ ጠብቂው፣ ሄድፎን ስታደርጊ ድምፁን ዝቅ አድርጊ አለኝ።

ስንመለስ እማዬ ታክሲ ውስጥ ስልኳን አወጣች። አክስቴ ሃረገወይን ጋ ደወለች። ይቅርታ የምትለዋ ቃል የእማዬ አፍ ውስጥ በቅላ አታውቅም። «ለጾም ፍቺ እኛ ጋ ነሽ» አለቻት። አባዬ በመስኮት ወደ ውጭ እያየ ፈገግ አለ። እኔ አልሳቅኩም። አይመለስም የምትለዋ ቃል አልወርድልኝ አለች።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ስቱዲዮ ተመለስኩ። አሌክስ አስቦበታል። ትረካ አንድ ድምፅ ነው፣ መሃል ነው የሚቀመጠው፣ ለእሱ አንድ ጥሩ ጆሮ ይበቃል አለ። ትንፋሽ መቁረጥ፣ የምራቅ ድምፅ ማጽዳት የእኔ ሥራ። ግራና ቀኙን ኮምፒውተሩ ላይ ካሉት መስመሮች አያለሁ፣ የመጨረሻውን እሱ ያደምጣል።

ሙዚቃስ? አልኩት። አንድ ቀን ሙዚቃ ማቀናበር እንደምፈልግ ያውቃል።

ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል።

«እናያለን» አለ።

ትልልቅ ሰዎች እናያለን ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ዝናብ። አሌክስ መስከረም ላይም ቅዳሜ ቅዳሜ ነይ አለኝ። ደስ አለኝ? አዎ። ሙሉ በሙሉ? አይ። ስለ ሙዚቃው ሁለተኛ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አላነሳውም።

አባዬ ጉርድ ሾላ ጉዳይ ነበረኝ ብሎ ስቱዲዮ በር ላይ ጠበቀኝ። ጉዳይ አልነበረውም። ዣንጥላው ለአንድ ሰው ነው፣ አንድ ትከሻው ረጥቧል። ወደ ታክሲው ስንሄድ ዞሮ በግራዬ በኩል ሆነ። መኪና ከዚያ ቢመጣ አትሰማም ብሎ ነው። ከዚያ ወሬ ጀመረ።

ዝናቡ፣ መኪናው፣ ጡሩምባው... አፉ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የሆነ ቦታ ላይ እጁን አወናጨፈ። የሆነ ቦታ ላይ ድምፁ የተሰበረ መሰለኝ፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። በቀኜ ሁን ልለው ነበር። በቀኝ ከሆነ ደግሞ ግራዬን ማን ይጠብቃል?

ታክሲው ጋ ስንደርስ ቆሞ አየኝ። መልስ ይጠብቃል።

«እሺ አባዬ» አልኩት።

ፊቱ በራ። ምን እሺ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም።