ቁምጣ የለበሰ ሁሉ

ረቡዕ
ሁሴንን ወሰዱት! የባለቤቴን የዘሀራን ወንድም፤ ከበሬዎቹ በቀር ከማንም ተጣልቶ የማያውቀውን ሰውዬ። ጥፋቱ ቁምጣ መልበሱ ነው። ወንበዴ ቁምጣ ስለሚለብስ ቁምጣ የለበሰ ሁሉ ወንበዴ ሆነ። ወታደሮች ጨፋ ሮቢት ገበያ ላይ ከሌሎች ጋር አፍሰው ከሚሴ ካምፕ አስገቧቸው። እባብ ያየ በልጥ በረየ፤ ወታደሩ ደግሞ በቁምጣ። እስቲ የጨፋን ጭቃ በረጅም ሱሪ የሚያርስ ያሳዩኝ! ቁምጣውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ዘሀራ የስፌት መኪናዬን አየት አድርጋ ወጣች።

ሐሙስ
ሱቁ ጢም ብሏል። ሁሉም «አስረዝምልኝ» ነው። ጨርቅ ከየት አባቴ ላምጣ? አንዱን በሚስቱ አሮጌ ቀሚስ ቀጠልኩለት፤ እስከ ጉልበቱ ካኪ፣ ከዚያ በታች አበባ ሆኖ ሄደ። ሳቅኩ፤ ሁሴን ትዝ ሲለኝ አፈርኩ። የማላውቃቸውም መጡ። ገበሬ ይሁኑ የጫካ ሰዎች በምን ልለይ? መጠየቅ ፈራሁ። ሰፋሁላቸው።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ ካምፕ ሄጄ ሻለቃውን ለመንኩ።
«የራስህን ስፌት ትለያለህ?» አለኝ።
«እለያለሁ ጌታዬ።»
«ነገ መጥተህ ለይ። ደንበኛህ ያልሆነው ከጫካ የመጣ ነው።»
ምነው ምላሴን በቆረጠው! ከሚሴ ውስጥ ሰፊ እኔ ብቻ ነኝ እንዴ?

ቅዳሜ
አሰለፏቸው። ጎንበስ እያልኩ ጠርዛቸውን አየሁ። የሁሴን የኔ ነው። የሌሎች ሁለት ሰዎችም የኔ ነው። የቀሪዎቹ አይደለም። አይደለም ብል ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ።
«ሁሉም የኔ ናቸው» አልኩ። በጁምዓ ማግስት ዋሸሁ፤ ያ ረቢ ማረኝ።
ሻለቃው ዋስ አድርጎ አስፈረመኝ። «አንዱ ጫካ ቢገባ የማውቀው አንተን ነው» አለኝ። ለቀቃቸው። አልሃምዱሊላህ! ሁሴን እኛ ቤት አደረ።

እሁድ
ቁርስ ላይ ሁሴን «ያ አብሮን የተፈታው ረጅሙ ሰውዬ የማን ልጅ ነው?» አለኝ።
«የናንተ ጎረቤት አይደለም እንዴ?»
«አኒ ሂንቤኩ! ዋላሂ አላውቀውም። ስትፈርምለት ያንተ ዘመድ መስሎኝ።»
ዘሀራ ሻይ መቅዳቷን አቆመች። 
ሰውየው ትናንት ካምፑ በር ላይ እጄን ጨብጦ «አላህ ይስጥህ» ብሎኝ ነበር። ከዚያ ሌሎቹ ወደ ጨፋ ሲወርዱ እሱ ብቻውን ወደ ተራራው ወጣ።
ተራራው ላይም እኮ ገበሬ አለ። አለ።