ከ«ነገር ግን» ጀምሮ የተቆረጠው የዱርቢ ሰዎች ደብዳቤ

ዳንግላ፣ ኅዳር 14 ቀን 1956 ዓ.ም.
እህቴ ዋጋዬ ክንዴ በተቀበረች በዘጠነኛው ቀን

ለክቡር የ«ጎህ ዜና» ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት በታላቅ ትሕትና እጠይቃለሁ። ዓይንዎ ከብዙ ንባብ፣ መቀስዎም ከብዙ ሥራ የተነሣ እንዳይደክም እግዚአብሔርን እለምናለሁ። ስለ እኛ ጤና ግን፣ ማናቸውም ደብዳቤ በዚህ ስፍራ የሚያሰፍረውን የተለመደ ቃል ዛሬ አላሰፈርሁም። ይህን ያደረግሁት ክብርዎን በመዳፈር እንዳይመስልዎ፤ ምክንያቱን ወረድ ብለው ያገኙታል።

እኔ አየነው ክንዴ እባላለሁ። ከዳንግላ ፍርድ ቤት አጥር ሥር፣ ጋሪዎች ፈረሶቻቸውን ከሚያሳርፉበት አጠገብ ጠረጴዛ ዘርግቼ፣ መጻፍ ለማይችል የምጽፍ፣ ማንበብ ለማይችል የማነብ፣ በአዊኛ የነገሩኝን በአማርኛ የማሰፍር ራፖር ጻፊ ነኝ። ክቡር ጋዜጣዎ በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ከታተመ ከሳምንት በኋላ ሲደርሰን፣ በገበያ ቀን ድምፄን ከፍ አድርጌ ለሕዝቡ የማነበው እኔ ነኝ። ስለዚህ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማቀርበው ምስጋና ከአንድ የቆየ አገልጋይዎ የቀረበ መሆኑን እንዲረዱልኝ እለምናለሁ።

1ኛ/ በነሐሴና በመስከረም ወር በተከታታይ ሰባት እትሞች ስለ ዘፋኟ ስለ ወይዘሪት እሌኒ ደምሰው ስለ ሰጡን ሰፊ ዕውቀት ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ጫማዋ ከሮም በአውሮፕላን መምጣቱን፣ ከባንዱ መሪ ጋር በድምፅ ማጉያው ቁመት የተነሣ መኳረፏን፣ ከዚያም መታረቋን፣ ከዚያም እንደገና መኳረፏን፣ ለአንድ ቦክሰኛ ፈገግ ማለቷን፣ ፈገግታውም ለእርሱ ሳይሆን ከኋላው ለቆመው ሰው ሊሆን እንደሚችል በአራት ዓምድ መመርመርዎን ሁሉ አንብቤ አሰምቻለሁ። በእነዚያው ሳምንታት፣ ከአዘና ቁልቁል የአንድ ቀን መንገድ ቆላ ውስጥ በምትገኘው በዱርቢ መንደር የወባ ንዳድ ገብቶ ነበር። መጀመሪያ የሞተው ቢሻው የሚባል፣ በእርሻው የተመሰገነ የሠላሳ ዓመት ሰው ነው። ቢሻው በሞተበት ሳምንት የደረሰን እትም የወይዘሪቷ ጫማ ተረከዝ ስንት ጣት እንደሚሆን የሚናገረው ነው። እኔም ሳላፍር አነበብሁ፤ የቢሻው ታናሽ ወንድም ጥቁር ለብሶ ከሰዎቹ መካከል ቆሞ እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ።

2ኛ/ በተለይ የመስከረም 13 ቀን እትም ከልብ የሚመሰገን ነው። ወይዘሪት እሌኒ ጉንፋን እንደያዛትና ሦስት ሐኪሞች ከአልጋዋ አጠገብ እንዳልተለዩ፣ በዚያው ሰሞን የጠፋውንም ውሻዋን ፖሊሶች ሁለት ቀን ፈልገው እንዳገኙላት፣ ውሻው ሲመለስ ያለቀሰችውን ልቅሶ ጭምር በዝርዝር ነገሩን። ይህን እትም መስከረም 24 ቀን ሳነብ ስምንት የዱርቢ ሰዎች ከጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጠው ነበር። የመሯቸው አያ ምህረቴ የሚባሉት ሽማግሌ ናቸው፤ ሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ አዝመራውንና ውብአየሁን፣ በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀብረው የመጡ። ቀደም ሲል ለሦስት ልዩ ልዩ መሥሪያ ቤቶች ሦስት አቤቱታ ጽፌላቸው አንዱም መልስ ስላላገኘ፣ አሁን ለማን እንደምንጽፍ ምክር ሊጠይቁኝ ነበር አመጣጣቸው።

አያ ምህረቴ ንባቤን ከሰሙ በኋላ ስንት ሐኪም እንዳልሁ ደግመው ጠየቁኝ። ሦስት አልኋቸው። ጥቂት አስበው፣ «ሦስት ካሏት አንዱን ታውሰን፤ ሥራውን ሲጨርስ በበቅሎ እንመልስላታለን» አሉ። ሴትዮዋ ባለሥልጣን ሳትሆን ዘፋኝ መሆኗን ባስረዳቸው ሳቁብኝ። በእኛ አገር ስሙ በጋዜጣ የሚወጣ ሰው ወይ የተሾመ ነው፣ ወይ የተሻረ ነው፤ ሰባት ጊዜ የወጣ ሰው ምን ያህል የከበረ እንደሚሆን እርስዎም ይገምቱት። «አዝማሪ ነው እንዴ ውሻው ሲጠፋበት ፖሊስ የሚወጣለት? አንተ ፊደል ታውቅ ይሆናል እንጂ ሹመት አታውቅም» ብለው ገሠጹኝ። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ እኔም ከዚያ በኋላ አልተከራከርሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ለሦስት ሹማምንት ጽፌ ካልሆነልኝ፣ ለውሻ የምታለቅስ ሴት ለሰውም ልታለቅስ ትችላለች የሚል ተስፋ በእኔም ልብ ገባ። አድራሻዋን ስለማናውቅ «ለክብርት ወይዘሪት እሌኒ ደምሰው፣ በጎህ ዜና ጋዜጣ በኩል» ብዬ በፖስታው ላይ ጻፍሁ።

3ኛ/ በዚህ ቁጥር የምወቅሰው ራሴን ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስጽፍ ብዕሬ አንድ መንገድ ለምዷል። የተቀባዩን ጤና እጠይቃለሁ፤ ቀጥሎ «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» እላለሁ፤ ከዚያ ተቀባዩን አወድሳለሁ፤ «ነገር ግን» ብዬ ወደ ጉዳዩ የምገባው ከዚያ ወዲያ ነው። የታሰረም፣ ቤቱ የተቃጠለም፣ እናቱ የሞተችበትም ሰው በእኔ እጅ መጀመሪያ ደህና ነው። የዱርቢንም ደብዳቤ እንዲሁ ጀመርሁት። ጨርሼ በአዊኛ ሳነብላቸው፣ እታለማሁ የምትባል ሴት ከጥግ ሆና፣ «ማነው ደህናው?» አለችኝ። ይታይሽ የምትባል የስድስት ዓመት ልጇን ከቀበረች ገና አራት ቀኗ ነበር። አያ ምህረቴ ዞር ብለው፣ «ደብዳቤ በልቅሶ አይጀመርም ልጄ፤ እንግዳ እንኳን ደጅ ላይ እንደቆመ መርዶ አይነገረውም» አሏት። ከስምንቱም ሰዎች፣ ማንበብና መጻፍ ከምችለው ከእኔም መካከል ነገሩ የገባት እርሷ ብቻ ነበረች። ይህን ባሰብሁ ቁጥር ያንገበግበኛል።

4ኛ/ ወደ ክቡርነትዎ ሙያ ስመለስ፣ ደብዳቤያችን በጥቅምት 9 ቀን እትም በሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ከወይዘሪቷ ትልቅ ፎቶግራፍ በታች፣ «የዳንግላ ገበሬዎችም ያደንቋታል» በሚል ርእስ ታትሞ ስላየሁት የተሰማኝን ለመግለጽ ቃል ያጥረኛል። በሕይወቴ የጻፍሁት ነገር ሲታተም ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ሰላምታዬ አንድ ፊደል ሳይጎድልበት አለ። «እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን» የሚለው አለ። «የክብርትነትዎ ዝና እስከ ቆላው ድረስ ተሰምቷል» የሚለውም ውዳሴ አለ። «ነገር ግን» ከሚለው ጀምሮ ያለው ሁሉ የለም። እርሱን ተከትሎ የሃያ ሦስት ሟቾች ስም ነበረበት፤ በክብር ቅደም ተከተል የጻፍሁት ስለሆነ መጀመሪያው የመንደሩ ካህን የነበሩት የቄስ ወርቅአየሁ ስም ነው። ከእርሳቸው ሞት በኋላ የቀሩትን ሟቾች ፍታት የሚፈታቸው ጠፍቶ ከሌላ ደብር ቄስ ይለመን እንደነበርም ጽፌ ነበር። ለቦታ ጥበት እንደቆረጡት ይገባኛል። በዚያው ገጽ ላይ የወይዘሪቷን የፀጉር አሠራር የሚያስረዱ ሦስት ሥዕሎች ስለነበሩ ቦታ በእርግጥ ጠባብ ነበር።

5ኛ/ የጋዜጣዎ ተደማጭነት በእኛ አገር ምን ያህል እንደሆነ ባለማወቅዎ እንዳያዝኑ፣ ይህንንም ልንገርዎ። ከእነዚያ ሦስት አቤቱታዎች አንዱ ለካ ሥራ ሠርቶ ኖሯል። ስሙን በማልጠራው በአንድ መሥሪያ ቤት፣ ለዱርቢ የሚሆን ኪኒን በሁለት በቅሎ ሊጫን ተዘጋጅቶ ነበር። ጥቅምት 16 ቀን ጋዜጣዎ ደረሰ፤ ጭነቱም በዚያው ቀን ወደ መጋዘን ተመለሰ። እኔ ለመጠየቅ ስሄድ አንድ ትሑት ጸሐፊ ወንበር ሰጥቶኝ፣ በቀይ እርሳስ የተሠመረበትን የእርስዎን ገጽ አሳየኝ። «ደህና ነን ብላችሁ በአገር ጋዜጣ ካስነገራችሁ በኋላ መድኃኒት ብንልክ ተጠያቂዎቹ እኛ ነን» አለኝ። የደብዳቤውን ረቂቅ ከኪሴ አውጥቼ ባሳየው፣ የታተመ እያለ በእጅ የተጻፈ እንደማይታይ በጨዋ አነጋገር አስረዳኝ። ኪኒኑ ሃያ አንድ ቀን መጋዘን ውስጥ ተቀመጠ። የወጣውም ኅዳር 7 ቀን፣ የዱርቢ ሰዎች ዘጠኝ በሽተኞችን በቃሬዛ ተሸክመው አምጥተው ከመሥሪያ ቤቱ ደጅ በተርታ ካስተኟቸው በኋላ ነው። ደህና አለመሆናቸው በዚያን ጊዜ ያለ ጽሑፍ ታወቀ።

ኅዳር 5 ቀን ግን እህቴ ዋጋዬ ሞተች። ዱርቢ ያገባች አንዲት እህት ነበረችኝ። ትኩሳቱ በጀመራት ቀን ባልዋ ወደ ደጋ ሊያወጣት በቅሎ ተውሶ መጥቶ ነበር አሉ። እርሷ አልሄድም አለች። «የጻፈው ወንድሜ ነው፤ ደብዳቤውም በጋዜጣ ወጥቶ አገር ሁሉ ሰምቶታል፤ መድኃኒቱ ዛሬ ወይ ነገ ይደርሳል» ብላ ልጆቿንም ባልዋንም አጽናናች። የታተመው ምን እንደሆነ የነገራት ሰው የለም። እኔም ላስደስታት ብዬ ጋዜጣ ላይ መውጣታችንን ብቻ በመንገደኛ ልኬላት ነበር። ክቡር ሆይ፣ በዚህ ስፍራ ላሾፍብዎ አስቤ ብዕሬን ሦስት ጊዜ አነሣሁ፤ አልሆነልኝም። እህቴ እኔንና እርስዎን አምና ሞተች።

6ኛ/ ወይዘሪት እሌኒን አንወቅሳትም። አልበደለችንም፤ ደብዳቤያችን እንደደረሳት የሚያሳይ ምልክትም አላየንም። ፖስታው ላይ የተጻፈው ስም የእርሷ ነበር፤ የከፈቱት እርስዎ፣ ያነበቡት እርስዎ፣ የቆረጡት እርስዎ ነዎት። ብታነበው ምን ታደርግ እንደነበረ አላውቅም። ከሦስቱ ሐኪሞች አንዱን ታውሰን ይሆናል፤ አታውሰንም ይሆናል። አያ ምህረቴ ግን እስከ ዛሬ ድረስ ባለሥልጣኗ ጨክና ዝም እንዳለችን ያምናሉ፤ በጸሎታቸውም ልብ እንዲሰጣት ይለምኑላታል። ስለዚህ የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው። «ነገር ግን» ብሎ የሚጀምረው የደብዳቤያችን ሁለተኛ ገጽ በመሳቢያዎ ውስጥ ካለ፣ ለባለቤቱ ለወይዘሪቷ ይስጡልኝ። ሃያ ሦስት ስም ያለበት ነው፤ ዛሬ አርባ አንድ ደርሰዋል፤ የጎደሉትን ስሞች በፈለገች ጊዜ እልክላታለሁ።

ለሰባቱ እትሞች፣ ለተረከዙ ልክ፣ ለውሻው መገኘትና ለፀጉሩ ሥዕሎች ምስጋናዬን እያደስሁ፣ ዕድሜዎ እንደ ዓምዶችዎ እንዲረዝም፣ በቤትዎም ከጉንፋን የከፋ በሽታ ከቶ እንዳይገባ እየተመኘሁ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

የሟች ዋጋዬ ክንዴ ወንድም፣ የዱርቢ ሰዎች ጸሐፊ፣
አየነው ክንዴ

ግልባጭ፦
ለዳንግላ ገበያ መግቢያ፣ በጋሪ ማቆሚያው ግንድ ላይ ለተለጠፈው፤
ለአዘና ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለሚነበበው፤
ለእታለማሁ፣ በቃል ለተነገራት።

ማስታወሻ፦ ቦታ ቢጠብብዎ ይህንንም ደብዳቤ እንደ ልማድዎ መቁረጥ ይችላሉ፤ አስቤበታለሁ። ራስጌውን ብቻ ቢያትሙ ዋጋዬን ያገኛሉ፤ ከአንደኛው ቁጥር ቢሻውን፣ ከሁለተኛው አዝመራውንና ውብአየሁን፣ ከሦስተኛው ይታይሽን፣ ከአራተኛው ቄስ ወርቅአየሁን። ፊርማውን ብቻ ቢያትሙ እንኳ ዋጋዬን ደግመው ያገኟታል። እታለማሁ ደብዳቤው ሲነበብላት፣ አሁን አጀማመሩ ትክክል ነው ብላለች።