እስከ አምስተኛ ክፍል

ውድ ቱቭሺን፣

ስልክ ላይ ሳለቅስ ሰምተኸኝ አታውቅም፤ ዛሬም እንዳትሰማኝ ብዬ በወረቀት መጣሁብህ። እዚያ ኮሪያ፣ ኢንቾን ፀደይ ገብቶ ይሆናል። እዚህ በረዶው ገና አልቀለጠም። ምድጃው ውስጥ ኩበት ጨምሬ፣ ልጆቹ ምሳቸውን በልተው እስኪመለሱ እጽፍልሃለሁ።

ያን ሰኞ ለቪዛው የኮሪያ ኤምባሲ ሳልቀርብ ስቀር አንድ ጊዜ ብቻ «ለምን?» አልከኝ። «አልቻልኩም» አልኩህ። ይሄ መልስ አይደለም፤ አንተ ደግሞ መልስ ይገባሃል።

የተመረቅን ዕለት የኮሌጁ ደረጃ ላይ ተቀምጠን የሳቅክብኝ ትዝ ይልሃል? «አንቺ የገጠር መምህርት? በሦስተኛው ቀን በግ ላይ ተፈናጠሽ ትመለሻለሽ!» አንተ ለፋብሪካ ሥራ ወደ ኮሪያ ሄድክ፤ እኔ ወደ አንተ የምመጣበት ወረቀት እስኪያልቅ ብዬ እዚህ መጣሁ። አንደኛ ክፍሎች ፊደል ቆጥረው ሲጨርሱ የሚከበረውን፣ «የፊደል በዓሉን አክብሪና ነይ» አልከኝ፤ «እሺ» አልኩህ። በአገራችን አንደኛ ክፍልን የተቀበለ መምህር እስከ አምስተኛ አብሯቸው እንደሚዘልቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ግን ቸኩለን ነበር። ሌላ ሰው ይተካኛል አልን።

ከዚያ ልጆቹ መጡ። ከእናታቸው ድንኳን ወጥተው የማያውቁ የስድስት ዓመት ልጆች፣ አዳሪ ቤቱን በለቅሶ ሞሉት። በመስከረም «መምህር» ይሉኝ የነበሩት፣ ብርዱ ሲከብድ እንቅልፍ እየጣላቸው «እማ» ይሉኝ ጀመር። ኤንክሬል የምትባል አለች፤ እርሳስ የምትይዘው እንደ አለንጋ ነበር። ስሟን ጽፋ የጨረሰች ቀን ደብተሯ አልበቃትም፤ በረዶ የጋገረው መስኮት ላይ በጣቷ ጻፈችውና «መምህር፣ ነይ እዪ! ይሄ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ለአንተ ልነግርህ ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ሮጬ ወጣሁ። ሥራ ላይ ነበርክ፤ አላነሳህም። ለፍየሎቹ ነገርኳቸው።

የፊደል በዓሉ ደረሰ። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ፊደል ደረታቸው ላይ ለጥፈው ዘመሩ፤ ወላጆች በፈረስና በሞተር መጡ። በመጨረሻ ዳይሬክተሯ ተነስተው እንደምሄድ ተናገሩ።

«ሁለተኛ ክፍል ማን ያስተምረናል?» አለ ተሙለን፣ የክፍሉ ጠያቂ።

«ሌላ መምህር ይመጣል፣ ልጄ» አሉት ዳይሬክተሯ።

«ይቺኛዋ ተበላሸች እንዴ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

በማግስቱ ሾፌሩ ጋሽ ባዛር መኪናውን አስነስቶ ጠበቀኝ። የአዳሪ ቤቱ ወጥ ሠሪ እማማ ዶልጎር መንገዴ እንዲቀና ከኋላዬ በጭልፋ የሚረጩትን ወተት ይዘው ወጡ፤ ጭልፋው ግን የለም።

«ጭልፋዬን የት አደረሳችሁት? እናንተ ጉዶች!»

የጭልፋው እጀታ ከኤንክሬል ካባ አንገትጌ ወጥቶ ይታያል።

«አምጪ አንቺ ሌባ!»

«አልሰጥም! ወተት ካልተረጨላት መንገዱ አይከፈትላትም። መንገዱ ካልተከፈተ አትሄድም።»

ጋሽ ባዛር መሪውን እየደበደበ ሳቀ። «እኔ የምነዳው በቤንዚን ነው በወተት? ግቢ ልጄ፣ መንገዱ ሩቅ ነው።»

«እኔም በኩባያ እረጭልሻለሁ፤ አታስቢ» አሉ እማማ ዶልጎር።

አየህ፣ ጭልፋው አይደለም ያስቀረኝ። አንድ እግሬ መኪናው ውስጥ ነበር። ዞሬ ሳያት ኤንክሬል አታለቅስም፣ አትለምንም፤ ሥራውን በሚገባ እንደጨረሰ ሰው ተረጋግታ ቆማለች። ብሄድ፣ «የቻልኩትን ሁሉ አድርጌም የምወደውን ሰው ማስቀረት አልችልም» የሚለውን የምትማረው ከእኔ ነው። እሱን ላስተምራት አልቻልኩም። ሻንጣዬን አወረድኩ።

እና ያንኑ አንተን አስተማርኩህ። ይህ የገባኝ ዘግይቶ ነው፣ ቱቭሺን። «ይኸው ሃያ ሁለት ልጅ አገኘሽ፤ እኔ ምን አደርግልሻለሁ?» ብለህ ስትዘጋው፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ኮረብታው ላይ ቀረሁ።

ባለፈው ሳምንት እህትህ ደወለችልኝ። ከአንዲት ሴት ጋር መኖር መጀመርህን ነገረችኝ። «ደግ ናት» አለች፣ እንደማጽናናት ብላ። «ደስ ይበለው» አልኩና ወደ ክፍል ገባሁ። መቀነስ እያስተማርኩ ነበር፤ ደጋግሜ ተሳሳትኩ።

«መምህር፣ ዛሬ አንቺ ተማሪ ሁኚ» አለ ተሙለን፣ ጠመኔውን ከእጄ ወስዶ።

ሄጄ የእሱ ቦታ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ ጠረጴዛው ሥር አልገባ አለኝ። ግንባሬን ክንዴ ላይ ደፍቼ አለቀስኩ። የሰነፍ ተማሪ ጨዋታ የምጫወት መስሏቸው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ንቂ! ንቂ!» ይሉኛል። «አሥራ ሦስት ሲቀነስ አምስት?» አለኝ ተሙለን፣ የእኔን ድምፅ እያስመሰለ። ፊቴን ሳላነሳ «ስምንት» አልኩት። አጨበጨቡልኝ።

ደስተኛ ነሽ ወይ ብትለኝ፣ ክፍል ውስጥ አዎ። እንዲህ ያለ ሥራ እንዳለ አላውቅም ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ወደ በሩ እሮጣለሁ። ክፍሉን ቆልፌ ስወጣ ግን የምነግረው ሰው የለኝም፣ እዚያ ላይ ነው የምወድቀው። ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ አብረው ሊያድሩ እንደሚችሉ ኮሌጅ አልነገሩንም።

አምስተኛ ክፍል እስኪደርሱ እንድትጠብቀኝ ልለምንህ ይህን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ይኸኛውን አልቀድም። አትጠብቀኝ። ለእሷ ደግ ሁንላት፤ ሥራ ውለህ ስትገባ ዝም አትበላት፣ ዝምታህ ሰው ያስፈራል።

በኮሪደሩ የጫማቸው ድምፅ ይሰማኛል። ዓይኔን ልጥረግ።

ደህና ሁንልኝ፣ የኔ ዓለም። ከእንግዲህ እንዲህ ብዬ አልጠራህም።

ከመጪው መስከረም ጀምሮ የሁለተኛ ክፍል መምህርት፣
ኖሚን