ስለማይተኩሰው ጠመንጃዬና ስለ ዕድሜ ልክ ዋስትናው

ለሃርገን የጠመንጃ ፋብሪካ የጥገና አገልግሎት የበላይ ኃላፊ
ለክቡር ሚስተር ዋረን ሆልቢ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎን በደስታ፣ የቢሮዎንም ማሞቂያ ያለ አንዳች እንከን ሲሠራ እንዲያገኝልኝ ከልብ እመኛለሁ። ማላንያ ሉኪን እባላለሁ። በኮዲያክ ደሴት፣ የመኪና መንገድ በማይደርስባት አንዲት የባሕር ዳር መንደር፣ ከታናሽ እህቴ ከአንፊሳ ጋር ሳልመን የተባለውን ዓሣ እያጠመድንና በጭስ እያደረቅን እንኖራለን። ከዚህ ቀደም ለክፍልዎ ደጋግሜ በግል ጽፌ ነበር፤ የደረሰኝ መልስ ሁሉ ግን «መልእክትዎ በእኛ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው» ብሎ የሚጀምር ስለሆነ፣ ይህን ያህል ክብር ለብቻዬ መያዙ ከብዶኝ ደብዳቤውን በደሴታችን ጋዜጣ ላይ አውጥቼዋለሁ። ቅር እንደማይሰኙ ተስፋ አለኝ።

ጊዜዎን ላለመሻማት አቤቱታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ የጠመንጃውን ስም በተመለከተ። «የአላስካ ዘብ» ትሉታላችሁ። በማስታወቂያችሁ ላይ አንድ ጢማም ሰው በዶፍ ዝናብ መሀል ቆሞ፣ ጢሙ ውሃ እያንጠባጠበ፣ ድብ ላይ ሲደግን አይቼ ነው የገዛሁት። በመከር ወራት ድቦች የዓሣ ማጨሻ ቤታችንን ጠረን ተከትለው ስለሚመጡ ዘብ ያስፈልገን ነበር። ለሙከራ ዝገት በበላው ጣሳ ላይ ደግኜ ምላጩን ስስብ «ቀጭ» አለና ዝም አለ። አቀባብዬ ደግሜ ስስብ ተኮሰ። ቀጥሎ ከሸፈ፤ ቀጥሎም ከሸፈ። ዘቡ ሥራ የሚገባው ሲያሰኘው እንደሆነ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ መጀመሪያው ጥገና። ጠመንጃውን አሽጌ፣ ጉሙ ሲገለጥ በምትመጣው ትንሽ አውሮፕላን ጭኜ፣ የዕድሜ ልክ ዋስትና አለው ስላላችሁ ወደ ፋብሪካችሁ ሰደድኩት። ዓሣው ከባሕር ወደ ወንዙ ገብቶ፣ ተጠምዶ፣ በከፊል ተበልቶ ካበቃ በኋላ ከአንድ ቆብና «ተፈትሾ ምንም እንከን አልተገኘበትም» ከሚል ብጣሽ ወረቀት ጋር ተመለሰልኝ። ስለ ቆቡ ከልብ አመሰግናለሁ። ከፋብሪካችሁ ከወጡት ዕቃዎች መካከል የተሠራበትን ዓላማ የፈጸመ እሱ ብቻ ነው፤ ዝናብ አያስገባም።

ሦስተኛ፤ ስለ ድቧ። ይህኛው ትንሽ ይረዝማል፤ ይታገሱኝ።

የብርማው ሳልመን ወቅት ሊያበቃ ተቃርቦ ነበር። አንፊሳ ከማጨሻ ቤቱ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ዓሣ ትሰነጥቃለች፤ እኔ ከጎኗ፣ ምንም እንከን ያልተገኘበትን ጠመንጃ በትከሻዬ አንግቤ፣ ባዶ በርሜል አጠገብ ቆሜያለሁ። ድቧ ከቁጥቋጦው ስትወጣ አልሮጠችም። የቤቷን በር ከፍታ እንደምትገባ ሰው ተረጋግታ መጣች። ጮህንባት፤ አልሰማችንም። አቀባበልኩ፣ ደገንኩ፣ ሳብኩ። ቀጭ።

«ማላንያ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ተኩሺ እንጂ!» አለችኝ አንፊሳ።

«እየተኮስኩ ነው!»

«ታዲያ የታለ?»

የከሸፈውን አውጥቼ ሌላ አቀባበልኩ። ቀጭ። በዚህን ጊዜ ድቧ ጠረጴዛው ጋ ደርሳለች። አንፊሳ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ በዓሣ አንጀት አዳልጧት ወደቀች፤ ድቧም ቀኝ ክንዷን ከትከሻዋ እስከ ክርኗ በአንድ ጊዜ ተለተለችው። እኔ የቀረኝ ነገር ጠመንጃውን አፈሙዙ ጋ ይዤ በሰደፉ ባዶውን በርሜል መደብደብ ብቻ ነበር። ክቡር ሆይ፣ ጠመንጃችሁ እንዲህ ሲያገለግሉበት አስገራሚ ድምፅ አለው። ድቧ ደንግጣ ራሷን አነሳች፤ ከዚያም ዓሣ የሞላውን ሳፋ በጥርሷ ጎትታ ወደ ቁጥቋጦዋ ሄደች። ሳፋውን እስካሁን አልመለሰችም፤ እሷም የጥገና ክፍል ሳይኖራት አይቀርም።

የአንፊሳን ክንድ በሸሚዜ አስሬ፣ ጉሙ ተገልጦ አውሮፕላኗ እስክትመጣ እጇን ይዤ ተቀመጥኩ። ቀልድ የምታውቀው እህቴ ያን ዕለት የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «እጄ አለ? እኔ ማየት አልፈልግም፤ አንቺ እይልኝ።» አለ አልኳት። እጇ በእርግጥም አለ፤ ሁለቱ ጣቶቿ ግን ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም። አንፊሳ የቤተ ክርስቲያናችን ደወል ደዋይ ናት። አሁን የምትደውለው በግራ እጇ ነው። የመንደሩ ሰው ደወሉ ትንሽ ዘግየት እያለ ሲመጣ ይሰማል፤ ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገርም።

አራተኛ፤ ስለ ስልክ መስተንግዷችሁ። ታነር የሚባል እጅግ ጨዋ ወጣት ስልኩን አነሳልኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

«ለደረሰብዎ ሁኔታ በጣም አዝናለሁ እመቤት» አለኝ፤ «ችግሩ በተፈጠረ ጊዜ የተቀረጸ ቪዲዮ ቢልኩልን ጥሩ ነበር።»

«ልጄ፣ በየትኛው እጄ ልቅረጸው?»

«አጠገብዎ የነበረ ሌላ ሰው ቢኖርስ?»

«የነበረችው እህቴ ናት። እሷን ድቧ ይዛት ነበር።»

«ገባኝ። እንግዲያው ‹ቪዲዮ የለም› ብዬ ልመዝግበው።»

መዘገበው። በሥራው ትጉ ስለሆነ እድገት ቢሰጡት አልቃወምም።

አምስተኛ፤ ጠመንጃውን እንደገና ልኬ በተመለሰ ጊዜ፣ የተሰነጠቀው ሰደፍ «በተጠቃሚ ጥፋት የደረሰ ጉዳት» ስለሆነ ዋስትናው እንደማይሸፍነው ተነገረኝ። ይህን እቀበላለሁ። የሰነጠቅኩት እኔ ነኝ፤ በርሜሉም ምስክር ነው። የከበደኝ ሌላ ነገር ነው፤ የመጣልኝ ጠመንጃ ሰደፉ ደህና ነበር። የእኔ አልነበረምና።

ከማሸጊያው ውስጥ ከወደቀው አድራሻ ላይ ነብራስካ የሚኖሩትን ሚስተር ሌላንድ ኦስትግሬንን አገኘኋቸውና ደወልኩላቸው። አጋዘን አዳኝ ናቸው፤ ንግግራቸው ረጋ ያለ ነው።

«አዎ እመቤት፣ ሰደፉ የተሰነጠቀው ጠመንጃ እኔ ዘንድ ነው» አሉኝ፤ «ምን አድርገውበት ነው እንዲህ የሆነው?»

«ድብ አባርሬበት።»

«ተኩሰው?»

«ደብድቤ።»

ከት ብለው ሳቁ። የአንፊሳን ነገር ስነግራቸው ግን ሳቃቸው ቆመ። የእሳቸውም ጠመንጃ እንደ እኔው ሲከሽፍባቸው ኖሯል፤ እንደ እኔው ልከውት «ምንም እንከን አልተገኘበትም» ተብለዋል፤ ቆብም ደርሷቸዋል። የእኔን አውጥተው ጣሳ ላይ ሞከሩት፤ ከሸፈ። እኔም የእሳቸውን ሞከርኩት፤ ከሸፈ። የከሸፉትን ጥይቶች ስናያቸው፣ የጠመንጃው መቺ መርፌ የጥይቱን ቂጥ የትንኝ ንክሻ ያህል ነካ አድርጎ ነው የተወው፤ ወደፊት የሚገፋው ሞላ አቅም የለውም ማለት ነው። አንዱ ካንዱ ስላልተሻለ ለመለዋወጥ መድከሙን ትተን በየቤታችን ሰቅለናቸዋል።

ይህን ሁሉ ዘርዝሬ ስጽፍ ከክፍልዎ የመጣልኝ የመጨረሻ መልስ እንዲህ ይላል፤ ዋስትናው ጠመንጃው «ከመጠን ያለፈ እርጥበትና ቅዝቃዜ ባለበት አካባቢ» ጥቅም ላይ ሲውል አይሠራም። ስለ ግልጽነታችሁ አመሰግናለሁ። የአላስካ ዘብ የሚሠራው አላስካ ውስጥ ካልሆነ ብቻ መሆኑን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም። ያ ጢማም ሰው ያውቅ ይሆን? የዕድሜ ልክ ዋስትና ስትሉም የማን ዕድሜ እንደሆነ በጽሑፍ አላገኘሁትም። የደንበኛው ዕድሜ ከሆነ፣ ድቧ የአንድ ደንበኛችሁን ጉዳይ ሙሉ በሙሉ ልትዘጋላችሁ ጥቂት ነበር የቀራት።

እኛ አሁን ደህና ነን። የመንደሩ ሰው ተባብሮ የማጨሻ ቤቱን ዙሪያ በባትሪ በሚሠራ የኤሌክትሪክ አጥር አጥሮልናል። በዚህ መከር አንዲት ድብ መጥታ አፍንጫዋን አስነክታ አየች፤ ዘላ ተመለሰች። አንፊሳ በመስኮት ቆማ ስታያት ነበር። ከአደጋው ወዲህ በሯን ከፍታ ለመውጣት ስትፈራ ቆይታ፣ ያን ቀን ጫማዋን አድርጋ እስከ አጥሩ ድረስ ብቻዋን ሄደችና ድቧ በሄደችበት አቅጣጫ ምራቋን እንትፍ ብላ ተመለሰች። ደስ ብሎኝ አለቀስኩ። ይህ ግን የክፍልዎ ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ስለዚህ ክቡርነትዎን ካሣ አልጠይቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው። ይህን ጠመንጃ ገዝተው አንግበውት የሚዞሩ፣ ከኋላቸው እህት ወይም ልጅ ያስከተሉ ሰዎች በየቦታው አሉ። ጠመንጃው እንደሚከሽፍ ይንገሯቸው። ቆብ መላክ አያስፈልግም፤ እውነቱን ብቻ ይላኩላቸው።

ለትዕግስትዎ፣ ለትሕትናዎና መልስ ባለመስጠት ለሚያሳዩት ጽናት ያለኝን ከፍ ያለ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በያዙት ወንበር ላይ ረጅም ዕድሜና ደረቅ አየር እንዲሰጥዎ የምመኝ፣

ታማኝ ደንበኛዎ
ማላንያ ሉኪን
ከኮዲያክ ደሴት

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ አጥፌ ለጋዜጣው በምልክበት ፖስታ ውስጥ ልክተተው ስል ከማስታወቂያ ክፍላችሁ አንዲት ትሑት ሴት ደወለችልኝ። ከድብ ጥቃት የተረፈች ደንበኛ እንዳለች መስማታቸውን፣ ጠመንጃውን ይዤ ለሚመጣው ዓመት ማስታወቂያ ፎቶ ብነሣላቸው ደስ እንደሚላቸው ነገረችኝ። በደስታ ተቀብያለሁ። ፎቶ አንሺው ሳልመን ወደ ወንዙ በሚገባበት ወር ይምጣ፤ ብርሃኑ ያማረው ከአጥሩ ውጭ፣ ወንዙ አፍ ላይ ነው። ለራሱ መጠበቂያ የሚሆነውን ግን ከፋብሪካችሁ መርጣችሁ አስይዛችሁ ላኩት።