ታንክ ላይ ስለተገጠመው የቤቴ በር

ለተከበሩ ጓድ ታፋ፣ የቀበሌያችን ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና ከበዓሉ ወዲህ ያላረፈውን የድምፅ ማጉያዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። እኔ በሌለ በር ከሚገባው ብርድ በስተቀር ደኅና ነኝ።

ይህን ደብዳቤ በግድግዳ ጋዜጣችን ላይ የለጠፍኩት፣ በመሠረተ ትምህርት ያስተማራችሁኝ ፊደል ምን ጠቀመ ተብለው ሲጠየቁ የሚያሳዩት ነገር እንዳያጡ ብዬ ነው። በስተርጅና የተማርኩት ፊደል ቢንጋደድም፣ ከታንካችን ይልቅ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ለአብዮት በዓል በነቀምቴ ኳስ ሜዳ በታየው የጦርነት ጨዋታ፣ ቀበሌያችን ታንክ፣ የጎረቤታችን የጉቴ ቀበሌ ሰዎች ደግሞ የጠላት አውሮፕላን ሠርተው መቅረባቸው ይታወሳል። በተሳታፊነቴ የታዘብኩትን በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ታንካችን የተቀዳው ፈረንጆች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተዋጉበትን ታንክ ፊቱን ብቻ ከሚያሳይ የመጽሔት ፎቶ ስለነበር፣ አናጺያችን በላይ፣ «ያላየሁትን አልሠራም» አለ። እርስዎም የአብዮት ታንክ ስለማያፈገፍግ ኋላ አያስፈልገውም ብለው በጥበብ ወሰኑ። ሆኖም ከውስጥ ሆነን የገፋነው የሴቶች ማኅበር አባላት ኋላ ስለነበረን፣ ቀሚሳችንን ከጭቃው ሰብስበን ስንሄድ ከበስተኋላችን የተሰለፈው ተማሪ ሁሉ ሲያየን ዋለ። በዚህ ዕድሜዬ ለሕዝብ የሚታይ ነገር ይኖረኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ቁመቴ ረጅም በመሆኑ የታንኩ ማማ እንድሆን ተመርጬ፣ የጣሪያ አሸንዳ እንደ መድፍ የተበየደበት የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ራሴ ላይ ተደፋብኝ። አፍንጫዬ ወደዞረበት መድፉም ይዞራል። በክብር መድረኩ አጠገብ ስናልፍ ጎረቤቴ ድርቤ፣ እንደ ልማዷ በኦሮምኛ አያት ብላ እየጠራችኝ፣ «አኮ፣ ታንካችሁ ቅልጥም አለው!» ብላ ጮኸች። ስድብ ሳልመልስ ማለፍ የማልችል ሴት ስለሆንኩ ዞርኩ፤ መድፉም አብሮኝ ዞሮ እርስዎ ላይ አነጣጠረ። ያኔ ከጠረጴዛው ሥር የገቡት የወደቀ እስክሪብቶ ፍለጋ መሆኑን ለጠየቀኝ ሁሉ እያስረዳሁ ነው፤ እስካሁን ያመነኝ የለም። በግምገማው ላይ አፈሙዝ ወደ አመራር አዙረሻል ተብዬ ራሴን ስተች፣ አፈሙዙ አሸንዳ መሆኑ እንደ ማቅለያ አልተያዘልኝም።

ስለ አውሮፕላኑ ብዙ አልልም። ክንፉ ከመንገዱ ስለሰፋ በጎኑ እየበረረ መጣ፤ በትከሻው የተሸከመው ጨመዳ ደግሞ የክት ልብሱን ለብሶ ስለነበር፣ ተመትተሃል ተብሎ ፊሽካ ሲነፋ ጭቃው ላይ ጆንያ ዘርግቶ ቀስ ብሎ ተከሰከሰ። የጨዋታው ዳኞች ጠላት እንዲህ ሥርዓት ያለው መሆኑን አደነቁ።

ዋናው ጉዳዬ ይህ ነው። ከግምገማው በኋላ የታንኩ ኋላ ይዘጋ ተባለና፣ ጥፋተኛዋ ታዋጣ በሚል የቤቴ በር ከነቁልፉ ተነቅሎ ተገጠመበት። ሟቹ ባለቤቴ ያቆመው የዋንዛ በር ታንክ ለመሆን መብቃቱ ያኮራል። ዝናቡ ግን ገና አልወጣም፤ አልጋዬ ድረስ ይገባል። የጎረቤት ፍየልም ገብታ ደብተሬን በልታ ፊደሉን ከእኔ ቀድማ ጨርሳለች። በሬን እንዲመልሱልኝ ብጠይቅ የሕዝብ ንብረት ሆኗል አሉኝ። ዛሬ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠመንጃ ይዘው ሌሊቱን ሙሉ ያንን በር ይጠብቃሉ። ቤቴ ላይ በነበረ ጊዜ እንዲህ ተጠብቆ አያውቅም፤ አመሰግናለሁ።

በሩን እስኪመልሱልኝ ድረስ ቤቷ ለእርስዎም፣ ለነፋሱም፣ ለፍየሏም እኩል ክፍት የሆነላችሁ፣
የቀድሞዋ የታንክ ማማ፣
ሐረግወይን

ማስታወሻ፦ በሚመጣው በዓል ታንኩ ውስጥ ገብተው ራስዎ እንደሚመሩት ሰምቼ ደስ ብሎኛል። የዚያ በር ቁልፍ ግን ጠባዩ ክፉ ነው፤ ሲዘጋ ራሱን ይቆልፋል፣ መክፈቻውም መቀነቴ ላይ ታስሯል። ከተቆለፈብዎ ሰው ይላኩብኝ። መልእክተኛው ግን አስቀድሞ በሬን ያንኳኳ፤ ሳያንኳኳ የሚገባ ሰው አላስተናግድም።