ሳይነበብላቸው በስሜ ስለወጣው ደብዳቤ

ቀን፦ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም

ለነዋሪዎች ማመልከቻ ማስተናገጃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ወላይታ ሶዶ

ጉዳዩ፦ የወ/ሮ አሳየሽ ማመልከቻ ከሐሙስ በፊት እንዲከፈት፣ የተሰጠኝ ማስጠንቀቂያ እንዲነሳ እና በአዲሱ ገጽ ላይ ለባለጉዳይ መልሶ የማንበብ ሥራ እንዲመለስ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የነዋሪዎችን ቃል በወላይትኛ ተቀብዬ በአማርኛ የማቀርብ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ ስሆን፣ በዚሁ ወንበር ላይ ዘጠኝ ዓመት ተቀምጫለሁ። በዘጠኙ ዓመት አንድም ማስጠንቀቂያ አልነበረብኝም፤ አሁን አለብኝ። ለቅርብ ኃላፊዬ ለአቶ ተሻገር አመልክቼ መፍትሔ ስላጣሁ ወደ እርስዎ መጥቻለሁ። ቃሌ ጠንከር ካለብዎት ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት አንሶ ሳይሆን ቀኑ እየደረሰብኝ ስለሆነ ነው።

1. እስከ ነሐሴ ወር ድረስ የምንሠራው በአራት የኤአይ መተግበሪያዎች ነበር። አንዱ የባለጉዳዩን ንግግር በጽሑፍ ያሰፍራል፣ ሁለተኛው ወደ አማርኛ ይተረጉማል፣ ሦስተኛው ያሳጥራል፣ አራተኛው ደብዳቤ ያረቃል። እርስ በርስ አይተዋወቁም ነበርና ጽሑፉን ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀዳን የምናሻግረው እኛ ነበርን። ስናሻግር እናነባለን። በመጨረሻም ለባለጉዳዩ በወላይትኛ መልሰን እናነብለትና ልክ ነው ሲል ጣቱን ያሳርፋል። ይህን በመመሪያ የጻፈው የለም፤ ከእኛ በፊት የነበሩት ሠራተኞች ያስለመዱን ነው።

2. አራቱ በአንድ ገጽ ይጠቃለሉልን ብለው ከጠየቁት አንዷ እኔ ነኝ፤ በጥያቄው ወረቀት ላይ ሁለተኛው ፊርማ የእኔ ነው። ዓይኔ ደክሞ ነበርና በመጠየቄ ዛሬም አልጸጸትም። ከመስከረም ጀምሮ ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ገጹ አራቱንም ሥራ በራሱ ጨርሶ አረንጓዴ ምልክት ያሳያል፣ እኔ "ላክ" የሚለውን እጫናለሁ፣ ደብዳቤው በሚቀጥለው ክፍል ታትሞና ታሽጎ ይወጣል። መቅዳቱ ሲቀር ማንበቡም አብሮ ቀረ። ይህን ያስተዋለ አልነበረም፤ እኔም አላስተዋልኩም።

3. ጥቅምት 17 ቀን ከተበላ ከተማ አካባቢ ወ/ሮ አሳየሽ የተባሉ እናት የነጻ ሕክምና ማስረጃ ለመጠየቅ መጡ። ልጃቸው ሩት በበዴሳ መንገድ ከሞተር ሳይክል ወድቃ እግሯ ተሰብሯል፤ ወጌሻ ያሰረው አጥንት ጠምሞ ስለያዘ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋታል። ስለ ንብረታቸው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉ፦ "ቤቴ ሁለት ላሞች አሉ። የለገሰ ናቸው። ወተቱን እጠጣለሁ እንጂ የእኔ የምለው ላም የለኝም።" አቶ ለገሰ ጎረቤታቸው ናቸው። እርስዎም እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ግጦሽ ያጠረው ሰው ላሙን ግጦሽ ላለው ጎረቤት ይሰጣል። የሚያረባው ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃውን ይካፈላሉ፣ ላሚቱ ግን የሰጪው ናት። ይህን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም።

ኋላ ፋይሉን ከፍቼ እንዳረጋገጥኩት ንግግራቸው በትክክል ተጽፏል፤ ትርጉሙም ልክ ነው። የሚያሳጥረው ክፍል ግን "ሁለት ላሞች አሏቸው" ብሎ የቀረውን ጣለው። የሚያረቀው ክፍልም ያንኑ ተቀብሎ አመልካቿ የመክፈል አቅም ስላላቸው ጥያቄያቸው ተቀባይነት የለውም ሲል ጻፈ። ከሥሩ ጉዳዩን መርምራ ያጸደቀች ሠራተኛ ተብሎ ስሜ ሰፍሯል። እኔ ምንም አልመረመርኩም። ወረፋው ረዝሞ ነበር፤ አረንጓዴውን አየሁና ተጫንኩ። ጥፋቴን አልክድም።

4. ወ/ሮ አሳየሽ አማርኛ አያነቡም። የታሸገውን ፖስታ ፈቃድ መስሏቸው በሁለት እጃቸው ይዘው፣ በቢሮዬ በር ላይ ቆመው "ልጄን አቆምሽልኝ" ብለው መረቁኝ። እኔም አሜን አልኩ። ፖስታው በሆስፒታሉ ሲከፈት ነው እንደተከለከሉ የሰሙት። በማግስቱ ብቻቸውን ተመልሰው መጡ። አልተቆጡኝም፤ ቃላቸውን ሲሰጡ ምን እንዳጠፉ ነበር የጠየቁኝ። ያንን ጥያቄ ከምሰማ ማስጠንቀቂያውን አሥር ጊዜ ብቀበል ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ፤ እስካሁንም አፍራለሁ።

5. ስህተቱን ለማረም ሞከርኩ። ሆኖም ገጹ ውሳኔ ያገኘ ማመልከቻ ለስድስት ወር አይከፍትም፤ ቀድሞ የሚከፈተው በእርስዎ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃድዎን እንዲጠይቁልን አቶ ተሻገርን ሦስት ጊዜ ለመንኩ። ሥርዓቱ የዘጋውን አስከፍቼ ልጠየቅበት ወይ ነው ያሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ገጹን ግን ከባለጉዳዩ አብልጠው ይፈሩታል።

እኔ በበኩሌ ወ/ሮ አሳየሽ ተመልሰው ከመጡበት ቀን ጀምሮ "ላክ" ከመጫኔ በፊት የወጣውን ደብዳቤ ለእያንዳንዱ ባለጉዳይ በወላይትኛ አነብባለሁ። በቀን ሠላሳ ሁለት የነበረው የማስተናግደው ሰው አሥራ አራት ሆነ፤ ገጹ በሚያወጣው የሠራተኞች ሰንጠረዥም መጨረሻ ላይ ተቀመጥኩ። በእነዚያው ቀናት ሰባት ሰዎች እንዲህ አላልኩም ብለው ደብዳቤያቸውን አሳርመዋል፤ ሰባቱንም አያይዣለሁ። እነዚህን ሰባቱን የቆጠረልኝ ሰንጠረዥ የለም። በምትኩ ጥቅምት 28 ቀን ዘመናዊ አሠራርን አደናቅፈሻል የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል። ዳግመኛ ሥራ ላላዘገይ ቃል የምገባበት ወረቀትም አብሮ መጥቷል። አልፈረምኩበትም፤ አልፈርምበትምም።

6. የተጠቃለለው ገጽ ይፍረስ አላልኩም። ባለጉዳዩ ቃሉን ሰምቶ ካላረጋገጠ "ላክ" እንዳይሠራ ማድረግ ይቻል እንደሆነ የኮምፒዩተር ባለሙያችንን ናኦልን ጠይቄዋለሁ። የግማሽ ቀን ሥራ እንደሆነና ትእዛዝ ብቻ እንደሚጠብቅ ነግሮኛል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እኛ አፍሰን የሚለቅሙት ግን ባለጉዳዮቹ ናቸው።

ስለዚህ፦

ሀ) የሩት የቀዶ ጥገና ቀጠሮ የፊታችን ሐሙስ ኅዳር 11 ቀን ስለሆነ የእናቷ ማመልከቻ ከዚያ በፊት እንዲከፈትና እንዲታረም፣

ለ) ናኦል ያለው ማስተካከያ በገጹ ላይ እንዲሠራ እንዲያዝዙ፣

ሐ) ማስጠንቀቂያው ከማኅደሬ እንዲወጣ እጠይቃለሁ። በጥቅምት 17 ቀን ሳላነብ ስለላክሁት ደብዳቤ ሊቀጡኝ ከወደዱ ግን እቀበላለሁ። በማንበቤ አልቀጣም።

ከሦስቱ የሚቀድመው የመጀመሪያው ነው። የእኔ ማስጠንቀቂያ ዓመት ቢቀመጥ ወረቀት ነው፤ የሩት አጥንት ግን ስድስት ወር አይጠብቅም።

ወ/ሮ አሳየሽ ረቡዕ ጠዋት ይመጣሉ። የእርስዎ ፈቃድ ደረሰም አልደረሰም ቃላቸውን እንደገና ተቀብዬ በእጄ እጽፋለሁ፣ አነብላቸዋለሁ፣ ልክ ነው ሲሉኝ ከሥሩ እፈርማለሁ፣ ወረቀቱንም ለሆስፒታሉ እንዲያደርሱ እሰጣቸዋለሁ። ይህ ጥፋት ከሆነ ሁለተኛው ማስጠንቀቂያ በረቡዕ ቀን ይጻፍልኝ። ያ ወረቀት እውነቱም ስሜም ይኖረዋል። የሚጎድለው ማኅተም ብቻ ነው፤ ማኅተሙ ደግሞ በእርስዎ እጅ ነው።

ከማይጓደል አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሰገነት ባዳቾ
የባለጉዳይ ቃል ተቀባይና ተርጓሚ